የማይቆረጠው ክብ፦ አንድ የኩሽኔታ ክዳን ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ተበላሽቶ እንዴት ተስተካከለ

ጉዳዩ

ደሴ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት የዋናው ሻፍት (የሚሽከረከረው ዘንግ) የኩሽኔታ (ሻፍቱን ተሸክሞ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ቀለበት) ክዳን ተሰብሮበት ሥራ አቆመ። ክዳኑ ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት) የተሠራ ነው። በአንድ ወገን ያሉት ቡሎኖች ላልተው ጭነቱን ሁሉ ሌላው ወገን ሲሸከም ቆይቶ ተሰነጠቀ፤ ሲበተንም አብዛኛው ስብርባሪ ከአቧራና ከገለባ ጋር ተጠርጎ ተጣለ። ባለወፍጮው እጅ የቀረው ከሙሉው ክብ ከግማሽ ያነሰ፣ ሦስት የቡሎን ቀዳዳ ያለበት ቁራጭ ብቻ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቁራጩን ይዞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ መጣ። ከተራ ብረት አዲስ ክዳን እንዲሠራለትና ለሰኞ ገበያ እንዲደርስለት ጠየቀ።

እንዲህ ያለ ክዳን ለለመደ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚላጭ ማሽን) ባለሙያ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። ይኼኛው ግን እስከ እሑድ ማታ ቆየ፤ 5.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ብረትም ተበላሸ። ቶርኖው ችግር አልነበረበትም፤ ካሊፐሩም (መለኪያው) ትክክል ነበር፤ በድሮዊንጉ (በሥራ ሥዕሉ) ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች በሙሉ ልክ ነበሩ። ስህተቱ ያለው ሁለት ክቦች በተሳሳተ የመስመር ዓይነት መሳላቸው ላይ ነው። የመስመር ዓይነት ብዙዎች ለትምህርት ቤት ፈተና ብቻ የሚጠቅም ይመስላቸዋል። ይህ ጉዳይ በዝርዝር የተጻፈውም ለዚያ ነው።

ክዳኑ ምን ዓይነት ነው

ሻፍቱ 60 ሚ.ሜ ነው፤ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ቁጥሩ 6212 ነው። ክዳኑ ክብ ሆኖ የውጭ ዲያሜትሩ 180፣ ጠቅላላ ውፍረቱ 20 ሚ.ሜ ነው። ከዚህ ውስጥ 14ቱ ሰፊው ጠፍጣፋ ክፍል ሲሆን 6ቱ ወደ ኩሽኔታው ቤት የሚገባው አንገት ነው፤ የአንገቱ ዲያሜትር 110 ነው። መሃሉ ላይ ሻፍቱ የሚያልፍበት 62 ሚ.ሜ ቀዳዳ አለ። በውጭው ፊት በኩል ደግሞ የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክል ቀለበት) የሚቀመጥበት ዲያሜትር 80፣ ጥልቀት 8 የሆነ ጉድጓድ አለ። ስድስት 11 ሚ.ሜ ቀዳዳዎች ለኤም 10 (10 ሚ.ሜ ውፍረት ላለው) ቡሎን ተበስተዋል፤ የስድስቱም መሃል የሚያርፈው ዲያሜትር 140 በሆነ ክብ ላይ ነው። ክዳኑ በዝገት ሲጣበቅ ቡሎን አስገብቶ ለመግፋት የሚያገለግሉ ሁለት ባለጥርስ (ውስጣቸው ቡሎን እንዲታሰርበት የተጠመዘዘ) ቀዳዳዎችም አሉት።

ልብ ማለት የሚገባው 180፣ 110፣ 80 እና 62 በብረቱ ላይ በእጅ የሚዳሰሱ ጠርዞች መሆናቸውን ነው። 140 ግን በብረቱ ላይ የለም። የቀዳዳዎቹን መሃል ለማስቀመጥ ወረቀት ላይ ብቻ የሚሳል ክብ ነው።

ከቁራጩ ላይ ልኬት ማውጣት

ድሮዊንጉን እንዲያዘጋጅ የተመደበው ለትብብር ሥልጠና ወርክሾፑ ውስጥ የነበረ አንድ ሠልጣኝ ነው። በመጀመሪያ ያደረገው ካሊፐሩን በቁራጩ ላይ በሰፊው ቦታ ዘርግቶ 174 ሚ.ሜ ማንበብ ነው። ይህ የተለመደ ወጥመድ ነው። የተረፈው ቁራጭ ከግማሽ ክብ ካነሰ በላዩ ላይ የሚለካው ትልቁ ርቀት ዲያሜትር ሊሆን አይችልም፤ ረጅም አውታር (የክቡን ሁለት የጠርዝ ነጥቦች የሚያያይዝ ቀጥታ መስመር) ነው፤ ሁልጊዜም ከዲያሜትሩ ያንሳል።

ስህተቱን ያጋለጡት ቀዳዳዎቹ ናቸው። በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች ውስጠኛ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት 59 ነበር፤ የአንዱን ቀዳዳ ዲያሜትር 11 ሲደምሩበት የመሃል ለመሃል ርቀቱ 70 ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀዳዳ መካከልም ያው 70 ነው። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ሲለካ 121.2 መጣ። ጎረቤት ለጎረቤት 70 ሆኖ አንድ ዘሎ 121.2 የሚሰጠው ራዲየሱ 70 በሆነ ክብ ውስጥ ያለ እኩል ስድስት ጎን ነው፤ የስድስት ጎን ጎኑ ከራዲየሱ ጋር እኩል ስለሆነ። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ስድስት እንደነበሩ፣ የሚያርፉበት ክብም 140 እንደሆነ ታወቀ። ከቀዳዳው መሃል እስከ ውጩ ጠርዝ 20 ሚ.ሜ ስላለ የውጩ ዲያሜትር 180 መሆን አለበት፤ 174 አይሆንም።

ይህንን በኮምፓስ ማረጋገጥ ተገቢ ነበር፤ ተደረገም። አሠራሩ ይህ ነው። በቁራጩ ጠርዝ ላይ ያለው ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ቁራጩ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ጠርዙ በሹል እርሳስ ይከበባል። እርሳሱ ወደ ውጭ ካዘነበለ ራዲየሱ እስከ 1 ሚ.ሜ ሊያድግ ስለሚችል ቀጥ ብሎ ብረቱን እየነካ መሄድ አለበት። ከዚያ በቅስቱ ላይ ተራርቀው የሚገኙ ሦስት ነጥቦች ይመረጡና ሁለት አውታሮች ይሰመራሉ። ለእያንዳንዱ አውታር ኮምፓሱ ከአውታሩ ግማሽ በላይ ተከፍቶ ከሁለቱም ጫፍ ከላይና ከታች ቅስት ይጣላል፤ ቅስቶቹ የተገናኙባቸው ነጥቦች ሲያያዙ አውታሩን እኩል ለሁለት የሚከፍል ቀጤ ነክ መስመር ይገኛል። የኮምፓሱ መክፈቻ ከአውታሩ ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ቢሆን ቅስቶቹ ጥርት ብለው ይቆራረጣሉ፤ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከበለጠ ግን እየታከኩ ስለሚያልፉ የመገናኛ ነጥባቸው የት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሁለቱ ቀጤ ነኮች የሚገናኙበት የክቡ መሃል ነው። ሦስተኛ አውታር ጨምሮ ሦስተኛው መስመር በዚያው ነጥብ ማለፉን ማየት የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው።

ሠልጣኙ መጀመሪያ 60 ሚ.ሜ በሆኑ አጫጭር አውታሮች ሞክሮ ሦስቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ሦስት ማዕዘን ዙሪያ ተገናኙበት። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። የቅስት ራዲየስ በሒሳብ የሚገኘው አውታሩን በራሱ አባዝቶ ለቅስቱ ቁመት (ከአውታሩ መሃል እስከ ቅስቱ ያለው ርቀት) 8 እጥፍ በማካፈልና የቁመቱን ግማሽ በመደመር ነው። ራዲየሱ 90 በሆነ ክብ ላይ የ60 ሚ.ሜ አውታር ቁመቱ 5.15 ነው። ቁመቱን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ አሳስቶ 5.65 ብሎ የለካ ሰው ራዲየሱን 82.5 ያገኛል፤ ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል ጠፋ ማለት ነው። በ160 ሚ.ሜ አውታር ግን ቁመቱ 48.8 ስለሚሆን ያው የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ራዲየሱን ከ90 ወደ 89.6 ብቻ ነው የሚያወርደው። አውታሩ በረዘመ ቁጥር ስህተቱ ይሟሟል። በረጃጅም አውታሮች ሲደገም መሃሉ ከአንድ እርሳስ ነጥብ አልወጣም፤ ራዲየሱም 90 ሆነ።

የአንገቱ ዲያሜትር 110 መሆኑ ከኩሽኔታውም ተረጋግጧል። 6212 ኩሽኔታ ውስጡ 60፣ ውጩ 110፣ ስፋቱ 22 ሚ.ሜ ነው፤ አንገቱ የሚገባው ኩሽኔታው በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ነውና ቁጥሩን ያነበበ ሰው 110ን ያለ ካሊፐር ያውቃል።

የመጀመሪያው ድሮዊንግና የተበላሸው ብረት

ልኬቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኤ3 ወረቀት ላይ በ1፡1 ተሳለ። ሁለት እይታ ነበረው፦ ከአንገቱ በኩል የታየ የፊት እይታና ከጎኑ የታየ እይታ። ዲያሜትሮቹ ሁሉ በቀስት የተጻፉት በፊት እይታው ላይ ነው። በጎን እይታው ላይ 14፣ 6 እና 8 የሚሉ ርዝመቶች ብቻ ነበሩ፤ የሲሉ ጉድጓድም በተቆራረጠ መስመር ተሰምሯል። ከስድስቱ ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ ተስሎ የቀሩት አምስቱ በመስቀል ምልክት ተጠቁመዋል፤ ይህ የተፈቀደ አሳሳል ነው።

ስህተቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የ140ው ክብ እንደ ሥራ መስመር በኮምፓስ ሙሉ ሆኖ ተሰምሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ሰረዝ ነጥብ መስመር መቀየር ሲገባው እንዳለ ቀረ። ሁለተኛ፣ ከአንገቱ በኩል ሲታይ ከኋላ ስለሚደበቅ በተቆራረጠ መስመር መሳል የነበረበት የ80 ክብ በሰረዝ ነጥብ ተሳለ። በዚህ ላይ ሁሉም መስመር የተሳለው በአንድ የ0.5 እርሳስ ስለሆነ ወፍራምና ቀጭን የሚባል ልዩነት አልነበረም። ወረቀቱ ወደ ኤ4 በ71 በመቶ ተቀንሶ ፎቶ ኮፒ ተደረገና በቴሌግራም ፎቶ ተላከ።

ዓርብ ጠዋት የቶርኖ ባለሙያው ያነበበው ይህ ነው። 140 ያልተቆራረጠ መስመር ነው፤ ስለዚህ የሚታይ ጠርዝ ነው። 110ም እንዲሁ። 80 ሰረዝ ነጥብ ስለሆነ የመሃል ክብ ነው፤ አይቆረጥም። በጎን እይታው ላይ አንድ አንገትና አንድ ጉድጓድ አለ፤ ሰፊው ክብ 140 አንገቱ ነው፣ ቀጣዩ 110 ጉድጓዱ ነው። ንባቡ ክቦቹን በመስመር ዓይነታቸው የለየ ነው፤ በዚህ በኩል ወረቀቱ የነገረውን ነው ያነበበው። አንድ የሚያጠራጥር ነገር ግን ነበር፤ የተሳለው ቀዳዳ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ባለሙያው ይህን አይቶ ደውሏል። ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ ስለነበረ ስልኩ ዝግ ነበር፤ የወርክሾፑ ኃላፊም ብረት ሊገዛ ወጥቷል። ቶርኖው በዚያ ሰዓት ክፍት ስለነበረ ሥራው ቀጠለ።

ስህተቱ የታወቀው ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ላይ ነው። የሚበሳው ወጣት የቀዳዳዎቹን ነጥብ ፓንች ለመምታት ሲያስተካክል «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግማሹ አየር ላይ ነው የሚወርደው» ብሎ አቆመ። መሰርሰሪያ ግማሽ ጫፉ ብረት ላይ፣ ግማሹ ባዶ ላይ ሲያርፍ ወደ ባዶው ይሸሻል፤ ይሰበራልም።

አንገቱ ሊድን ይችል ነበር፤ 140 የሆነው ወደ 110 ይላጫል። ጉድጓዱ ግን 80 መሆን ሲገባው 110 ሆኗል፤ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም። ውጩ 110፣ ውስጡ 80 የሆነ ቀለበት ሠርቶ መግጠም ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ቀለበቱ በብየዳ ከተያዘ የሲሉ መቀመጫ በሙቀቱ ይጣመማል፤ ጠብቆ በመግባት ብቻ ከተያዘ ደግሞ ዘይት በዙሪያው መንገድ ያገኛል። ኃላፊው አዲስ ብረት እንዲቆረጥ ወሰነ፤ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ድሮዊንግ

ቅዳሜ ድሮዊንጉ እንደገና ሲሠራ ትልቁ ለውጥ የጎን እይታው ወጥቶ በምትኩ ሙሉ ሴክሽን መግባቱ ነው። ክዳኑ በቁሙ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ ተደርጎ ሲሳል የሲሉ ጉድጓድ፣ አንገቱና የመሃሉ ቀዳዳ በወፍራም መስመር ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የተቆረጠው ብረት በ45 ዲግሪ በተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ይሞላል (ይጠለሻል)። የተቆራረጠ መስመር አንድም አያስፈልግም። 180፣ 110፣ 80 እና 62 የሚሉት ዲያሜትሮች በሙሉ ከርዝመቶቻቸው ጎን ሴክሽኑ ላይ ተጻፉ። የፊት እይታው ላይ የቀረው ቀዳዳዎቹን የሚመለከት ልኬት ብቻ ነው። የቶርኖው ሰው ሴክሽኑን፣ የትራፓኖው ሰው የፊት እይታውን ይዞ መሥራት ይችላል። ክብ የሆነ ዕቃ ሲሳል ዲያሜትሮችን በክቡ እይታ ላይ መደርደር ለሳዩ ይቀለዋል፤ ለአንባቢው ግን አምስት ክብና አምስት ቀስት ማለት ነው።

የመስመሮቹ ደንብ በአይ ኤስ ኦ 128 (በዓለም አቀፉ የድሮዊንግ መስፈርት) የሚገኘው ነው። የሚታይ ጠርዝ ወፍራም ያልተቆራረጠ መስመር ነው። የልኬት መስመር፣ ማስረዘሚያውና ጥልሹ ቀጭን ያልተቆራረጠ ነው። የተደበቀ ጠርዝ ቀጭን የተቆራረጠ ነው። የመሃል መስመርና የቀዳዳዎች መሃል የሚያርፍበት ክብ ቀጭን ሰረዝ ነጥብ ነው። የወፍራሙ ስፋት የቀጭኑ ሁለት እጥፍ ነው። የብዕሮቹ ስፋት 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 እያለ በየደረጃው በ1.4 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህ የዘፈቀደ አይደለም፤ ኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ መስመሩም አንድ ደረጃ ወርዶ ሌላ የታወቀ ስፋት ላይ እንዲያርፍ ነው። በመሆኑም ኮፒ እንደሚደረግ እየታወቀ በ0.5 እና 0.25 ከመሳል በ0.7 እና 0.35 መሳል ይሻላል፤ ኮፒው ላይ 0.5 እና 0.25 ሆነው ይወጣሉ። ሁለተኛው ድሮዊንግ የተሳለው በዚህ ነው።

የሰረዞቹም ርዝመት ልክ አለው፤ የሚቆጠረው በመስመሩ ስፋት ነው። የተቆራረጠ መስመር ሰረዙ የስፋቱ 12 እጥፍ፣ ክፍተቱ 3 እጥፍ ነው። የሰረዝ ነጥብ ረጅም ሰረዝ 24 እጥፍ፣ ክፍተቱ 3 እጥፍ ነው፤ በመሃሉ ነጥብ ይገባል። ለ0.35 መስመር ሲሰላ ሰረዙ 4 ሚ.ሜ፣ ረጅሙ ሰረዝ 8 ሚ.ሜ ከጥቂት፣ ክፍተቱ 1 ሚ.ሜ ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ከርቀት የሚለያቸው ይህ የአንድ ለሁለት ርዝመት ነው። በእጅ ሲሳል ነጥቡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሰረዝ ስለሚሆን ረጅሙ ሰረዝ በግልጽ ረጅም ካልሆነ ሁለቱ ዓይነቶች ይመሳሰላሉ፤ ከኮፒ በኋላ ደግሞ ነጥቡ ጭራሽ ይጠፋል። የመሃል መስመሮች የሚቆራረጡት በረጅም ሰረዛቸው ላይ እንጂ በክፍተት ወይም በነጥብ ላይ መሆን የለበትም፤ የክቡን መሃል የሚያሳየው ያ መስቀል ነው። ጫፋቸውም ከጠርዙ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ወጣ ብሎ ይቆማል።

የ140ውን ክብ በኮምፓስ በሰረዝ ነጥብ መሳል አሰልቺ ነው፤ የመጀመሪያው ስህተትም የመጣው ከዚሁ ነው። የሚቀለው መንገድ ክቡን በ2 ኤች እርሳስ እምብዛም በማይታይ መስመር አስቀድሞ ማስመር፣ ስድስቱን የቀዳዳ መሃሎች ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በየመሃሉ ላይ ረጅም ሰረዝ እንዲያርፍ አድርጎ በመካከላቸው ያለውን መሙላት ነው። ወፍራም መስመሮች ሲደመቁ ደግሞ መጀመሪያ ክቦችና ቅስቶች፣ ቀጥሎ ቀጥታ መስመሮች ናቸው። ቀጥታ መስመርን ከቅስት ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ቅስትን ካለቀ ቀጥታ መስመር ጋር ማገጣጠም ግን ሁልጊዜ ጉብታ ይተዋል።

ድሮዊንጉ ሲያልቅ ሌላ አንድ ነገር ተደረገ፤ ከሁሉ የጠቀመውም ይህ ነው። ኮፒው ለቶርኖ ባለሙያውና ለትራፓኖው ወጣት ተሰጥቶ የሚቆረጠውን መስመር በቀይ፣ የማይቆረጠውን በሰማያዊ እንዲያቀልሙ ተጠየቁ። አሥር ደቂቃ ፈጀ። የ140ው ክብ በሁለቱም ወረቀት ላይ ሰማያዊ ሆነ።

ቀዳዳዎቹን ብረቱ ላይ መከፋፈል

ዲያሜትር 140 ክብ ላይ ስድስት ቀዳዳ ማለት ዲቫይደሩን (ሁለት ሹል እግር ያለውን ኮምፓስ) 70 ከፍቶ ዙሪያውን መርገጥ ነው ይባላል። በወረቀት ላይ ያስኬዳል። በብረት ላይ ግን ዲቫይደሩ 70 ይሁን 70.3 በዓይን አይለይም። 70.3 ከሆነ በየእርምጃው የ0.35 ሚ.ሜ ያህል ትርፍ ይፈጠርና ስድስተኛው እርምጃ መነሻውን 2 ሚ.ሜ አልፎ ያርፋል። የመጨረሻው ቀዳዳ ከቤቱ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም።

እዚህ የተሠራበት መንገድ ስህተቱን አያጠራቅምም። በመሃሉ የሚያልፍ አንድ ዲያሜትር ይጫራል፤ ክቡን በሁለት ተቃራኒ ነጥቦች ይቆርጣል። እነዚህ አንደኛውና አራተኛው ቀዳዳ ናቸው። ዲቫይደሩ 70 ተከፍቶ ከአንደኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንድ አንድ ጊዜ፣ ከአራተኛውም እንዲሁ አንድ አንድ ጊዜ ይጣላል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመነሻው የሚርቀው አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ ዲቫይደሩ በ0.3 ቢሳሳት እንኳ ትልቁ ስህተት 0.35 ሚ.ሜ ነው። ኤም 10 ቡሎን በ11 ቀዳዳ ውስጥ በየአቅጣጫው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይላወሳልና ይገጥማል። ነጥቦቹ በፓንች ከመመታታቸው በፊት የሦስቱ ተቃራኒ ጥንዶች ርቀት ተለክቶ ሁሉም 140 መሆናቸው ታየ። መጀመሪያ በ3 ሚ.ሜ፣ ቀጥሎ በ11 መሰርሰሪያ ተበሱ።

የስምንት ወይም የአምስት ቀዳዳ ክዳን ለሚገጥመው ሰው፦ የጎረቤት ቀዳዳዎች ርቀት የሚገኘው 180 ዲግሪ ለቀዳዳው ብዛት ተካፍሎ የሚመጣውን ማዕዘን ሳይን በዲያሜትሩ በማባዛት ነው። በ140 ክብ ላይ ለስምንት 53.6፣ ለአምስት 82.3 ይሆናል።

ያልተሳካው

ሁለቱ የመግፊያ ቀዳዳዎች ኤም 8 ነበሩ። ቦታቸው በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል ነው፤ ከሁለቱም ቀዳዳ በእኩል መክፈቻ ወደ ውጭ ቅስት ተጥሎ መገናኛው ከመሃሉ ጋር ሲያያዝ ማዕዘኑ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ቦታቸው ላይ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የጥርሱ አሳሳል ነው። ባለጥርስ ቀዳዳ ከፊት ሲታይ የሚበሳው ክብ ወፍራም ይሆንና የጥርሱ ውጫዊ ክብ በቀጭን መስመር ሦስት አራተኛ ድረስ ብቻ ይሳላል፤ ሩቡ ክፍት ይተዋል። በሁለተኛው ድሮዊንግ ላይ ይህ በደንቡ ተስሏል። ነገር ግን ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ በኮፒው ላይ ሁለቱ ክቦች ተጣብቀው አንድ ወፍራም ክብ መሰሉ፤ ጽሑፉም «2 × 8» ይላል እንጂ «ኤም» የሚለው ተረስቷል። ማቅለሚያውም አላዳነም፤ ሁለቱም ክቦች የሚቆረጡ ስለሆኑ ቀይ መቀባታቸው ትክክል ነበር። ወጣቱ አንዱን በ8 ሚ.ሜ በሳው። ለኤም 8 ጥርስ የሚበሳው 6.8 ነው፤ በ8 ከተበሳ ጥርስ የሚወጣበት ብረት አይቀርም።

ይህኛው ግን ዳነ። ሁለቱም ቀዳዳዎች ወደ 8.5 ሰፍተው የኤም 10 ጥርስ ወጣላቸው። እንዲያውም የክዳኑ መያዣ ቡሎኖች ራሳቸው ኤም 10 ስለሆኑ ክዳኑን ለማውጣት ከእነሱ ሁለቱን ነቅሎ መግፊያው ውስጥ ማሰር ይቻላል፤ ሌላ ቡሎን መፈለግ ቀረ። ድሮዊንጉም በዚያው ዕለት ታረመ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

የመስመር ዓይነት እንደ ልኬት ቁጥር ሊፈተሽ ይገባል። ቁጥር የሚፈትሽ ሰው ብዙ ነው፤ «ይህ ክብ ጠርዝ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ እያንዳንዱን ክብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እዚህ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ብረቱ ተበላሽቷል።

ድሮዊንግ የሚፈተሸው በሳዩ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሠሪው እጅ ያለው ኮፒ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ወርክሾፖች ብዙው ሥራ በስልክ ፎቶ ነው የሚመጣው። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ቀጫጭን መስመሮች አይጠፉም። ወደ ኤ4 ሲቀነስም 1፡1 የሚለው ጽሑፍ ውሸት ይሆናል፤ 180 የነበረው ክብ በማስመሪያ ሲለካ 128 ገደማ ነው። ከኮፒ ላይ በማስመሪያ መለካት አይገባም፤ በድሮዊንጉ የርዕስ ሳጥን ውስጥም ይህን የሚከለክል ቃል መጻፍ አለበት።

ለትንሽ ዝርዝር በሥዕሉ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም። ጥርስን የመሰለ ዝርዝር በቃልም ይጻፍ፦ «ኤም 8፣ በ6.8 ተበስቶ ጥርስ ይውጣ»።

ከተሰበረ ቁራጭ ሲለካ አንድ ልኬት ከሁለት መንገድ ይምጣ። እዚህ 180 ከቀዳዳዎቹም ከአውታሮቹም ወጣ፤ 110 ከቁራጩም ከኩሽኔታው ቁጥርም ወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ግን ደሴ ላይ የቀረው የኩሽኔታ ቤት ራሱ ነበር። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሳይሰበሩ እዚያ አሉ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ወረቀት በፊቱ ላይ ለጥፎ በጣት በማሸት የስድስቱን ቀዳዳ አሻራ ማምጣት ከሁሉም ግምት ይበልጥ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊደረግ ይችል ነበር፤ አልተደረገም።

ጥያቄ ያለው ሠሪ ደውሎ ሰው ካጣ ማሽኑን ማቆም መብቱ እንዲሆን ኃላፊው በግልጽ መናገር አለበት። ባለሙያው ጥርጣሬው ትክክል ነበር፤ የጎደለው «ቁም» የሚል ፈቃድ ነው።

ክዳኑ ሰኞ ረፋድ ላይ ደሴ ተወስዶ ተገጠመ። አንገቱ 109.9 ተላጭቶ ስለነበር በእጅ ገባ፤ ስድስቱም ቡሎኖች ያለ ማስገደድ ያዙ፤ በተቃራኒ ጥንድ እየተዘዋወሩ ተጠበቁ። ወፍጮው ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ፤ የገበያው ግማሽ ግን አልፎታል። የሻፍቱ ሌላኛው ጫፍ ክዳን ከዚያው ጊዛ የተሠራ ሲሆን አንድ ቡሎኑ ላልቶ ተገኝቷል። ያኛው ሳይሰበር ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ እንዲለካና እንዲሳል ባለወፍጮው ተስማምቶ ቀን ተቀጥሯል።